ለትምህርት ቤቱ የተጠራ ዋስ

ዳላስ ውስጥ የወላጆች ስብሰባ በተጠራ ቁጥር፣ ወንበሩ ሊታጠፍ መብራቱ ሊጠፋ ሲል እጁን የሚያነሳ አንድ ሐበሻ አባት አይጠፋም። ቢታመም እንኳ ወኪል ይልካል። የእኛው ክቡር አቶ ነጋ ይባላሉ። ኧርቪንግ ይኖራሉ፤ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ይገፋሉ፤ በተረፋቸው ሰዓት ይሰጋሉ።

«አንድ ጥያቄ ብቻ» ብለው ነው የሚጀምሩት። አንዱ ጥያቄ ግን ሁልጊዜ አሥራ አንድ ወንድሞች አሉት።

ልጃቸው ኤልዳና መሀል ከተማ ባለ ቻርተር ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቱ ጉዞን እንደ ሒሳብና እንደ ሳይንስ ካሪኩለሙ ውስጥ አስገብቶታል፤ እያንዳንዱ ክፍል በዓመት አንዴ የተማረውን በዓይኑ ሊያይ ይሄዳል። የሰባተኛ ክፍል ዕጣ ጋልቬስተን ነው፦ አራት ቀን፣ ሦስት አዳር፣ ባሕር። ኤልዳና ፔሊካን ስለሚባሉት ወፎች ሁለት ወር ሙሉ ስታጠና ከርማለች። የቀረ ልጅ ያንን ሳምንት ላይብረሪ ውስጥ ከአምስተኛ ክፍሎች ጋር ይቀመጣል፤ የሳይንስ ማርኩም አብሮት ይቀመጣል።

እኔ ልጅ የለኝም። ስብሰባው ላይ የተገኘሁት ጋሽ ነጋ ለማስተርጎም ጎትተውኝ ነው።

«ሹፌሩ ስንት ሰዓት ተኝቶ ነው የሚነሳው? በላት» አሉኝ። አልኳት። መምህርቷ ሚስ ካርተር በትዕግሥት መለሰች።

«ልጆቹን የሚቆጥረው ማነው?» እሷ ናት። «የእሷን ቆጠራ የሚቆጥረውስ?» ሌላ መምህር አለ። «ባሕሩ ከአልጋቸው ስንት እርምጃ ነው?»

ሚስ ካርተር እርምጃውን ቆጥራ አታውቅም። ክቡርነታቸው «ይኸው፣ አያችሁ?» በሚል ዓይን ዞረው ተመለከቱን።

ኤልዳና የጃኬቷን ቆብ ፊቷ ላይ ጎትታ «አባዬ፣ ፕሊስ፣ ኤምባረስ እያደረግከኝ ነው» ትላለች።

«ለጥንቃቄ ነው፣ የኔ ልጅ።»

ከዚያ ቅጹ መጣ። በጉዞው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ትምህርት ቤቱ ተጠያቂ አይሆንም ይላል። እዚህ አገር ልጅ ትራምፖሊን ላይ ሊዘል ሲሄድ እንኳ የሚፈረም ነገር ነው፤ ማንም አያነበውም። እኔ ሞኙ ግን ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው።

አቶ ነጋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄን ሊወስዱ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ደግሞ አንጠየቅም ይላሉ?»

«ፎርማሊቲ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ አዲስ አበባ ጋራዥ ዘበኛ ሆኜ ስቀጠር ሁለት ዋስ ጠርቻለሁ። የበር ቁልፍ ለመያዝ! እነዚህ ስልሳ ልጅ ይዘው ባሕር ሊወርዱ ነው። ዋስ ይጥሩ!»

እንደምንም ተረጎምኩት። ሚስ ካርተር ፊቷ በራና ኢንሹራንስ እንዳላቸው ነገረችን።

«ኢንሹራንስማ ልጄ ከሰጠመች በኋላ ነው የሚመጣው» አሉ። «እኔ ሰው ነው የምፈልገው። ስም ያለው፣ ቤቱን የማውቀው ሰው።»

ቅጹ የሚሰበሰበው በዚያው ቀን ነበር። ኤልዳና ቆቧን ከፊቷ አወረደች፤ ለካ ስታለቅስ ኖሯል። «ሶ እኔ ብቻዬን ልቀር ነው?» አለች፤ ለአባቷ ሳይሆን ለእኔ። አንጀቴን በላችው።

«እኔ ዋስ እሆናለሁ» አልኩ። እንዲያው ለመገላገል ነበር።

እሳቸው ግን በዋስ ነገር አይቀልዱም። ቅጹን ገለበጡና በጀርባው በአማርኛ ጻፉ፦ «እኔ ምናሴ፣ ነዋሪነቴ ሮውሌት የሆነ፣ ተማሪ ኤልዳና ነጋ እንደሄደች በሰላም ለመመለሷ ለትምህርት ቤቱ ዋስ ሆኛለሁ።» የመንጃ ፈቃድ ቁጥሬን ጨመሩበት። እኔ ፈረምኩ። ሚስ ካርተርም ነገሩ ሳይገባት ፈገግ ብላ በምስክርነት ፈረመች። ከዚያ በኋላ ነው ክቡርነታቸው በፊት ለፊቱ በኩል የፈረሙት።

እየሳቅሁ ወጣሁ። ሳቁ እስከ ማክሰኞ፣ አውቶቡሱ እስኪነሳ ድረስ ቆየ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የጋልቬስተንን የአየር ሁኔታ ማየት ጀመርኩ። ቤቴ አጠገብ ሐይቅ አለ፤ ስድስት ዓመት ስኖር ውኃ መሆኑ ትዝ ብሎኝ አያውቅም፤ በዚያ ሳምንት መስኮቴን ዘጋሁበት። ረቡዕ ሚስ ካርተርን ሁለት ጊዜ ኮል አደረግኋት፤ በሁለተኛው ሹፌሩ በደንብ ተኝቶ እንደሆነ ጠየቅኋት። እኔ ዋሱ እንዲህ ከሆንኩ አባትየውማ ምን ሆነው ይሆን ብዬ፣ ለእሳቸው መደወል ፈራሁ።

ሐሙስ ጠዋት ጋልቬስተን ላይ ነጎድጓድ አለ ተባለ። ለሚስ ካርተር ደወልኩ፤ አይነሳም። ደገምኩ፤ አይነሳም። ለአለቃዬ አሞኛል አልኩት፤ ውሸትም አልነበረም። መኪናዬን አስነስቼ ወደ ደቡብ ነዳሁ። ደርሼ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ዋና አልችልም። አንድ ሰዓት ያህል ነድቼ ኮርሲካና የምትባል ከተማ ስደርስ ስልኬ ጮኸ። ሚስ ካርተር የላከችው ፎቶ ነው፦ ኤልዳና ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት ለብሳ፣ ከኋላዋ የቆመ ፔሊካን በጣቷ እያሳየች ትስቃለች። ነዳጅ ማደያ ገብቼ ፎቶውን ደጋግሜ አየሁና ተመለስኩ።

ዓርብ አውቶቡሱ ሊደርስ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ፓርክ አድርጌ ነበር። አቶ ነጋ የሉም። አውቶቡሱ መጣ፤ አሁንም የሉም። ኤልዳና አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጦ ወረደች። ሳላስበው እጅና እግሯን ቆጠርኩ። ክቡርነታቸው ከሩብ ሰዓት በኋላ የሥራ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ፣ እየተዝናኑ መጡ።

«ጋሼ፣ ለመሆኑ አልተጨነቁም?» አልኳቸው። ተናድጄ ነበር።

«ምን ያስጨንቀኛል? ዋስ አለኝ አይደል እንዴ? እዚህ አገር ከመጣሁ እንደ ሰሞኑ ተኝቼ አላውቅም።»

እዚህ አገር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቤት ያከራየኝም ሥራ የሰጠኝም ስሜን ትቶ የመታወቂያ፣ የባንክ፣ የብድር ቁጥር ሲጠይቀኝ ነው የኖርኩት። ሹፌርን፣ ኢንሹራንስን፣ ባሕርን የማያምኑት ሰው ግን ስሜን ይዘው ሦስት ሌሊት ተኙ። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ አቅፌ ልስማቸው ምንም አልቀረኝም።

ቅጹን ከሚስ ካርተር ተቀበሉና «በል፣ ዋስትናህ ወርዷል» ብለው ሊቀድዱት ያዙ።

«ይተዉት፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ስምንተኛ ክፍል ተራራ ነው የሚወጡት አሉ።»