የመምህር ይታገስ ነጥብ

ወሬው ከየትም ይነሳ፣ ጎትቶ ወደራሱ ጉዳይ የሚወስደው ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ስለ ጤፍ ቢወራ፣ ስለ ሰርግ ቢወራ፣ ዞሮ ዞሮ እሱ ደጃፍ ላይ ይደርሳል። ለሞጣ የደረሷት ክቡር መምህር ይታገስ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ብቸና ትካፈላቸዋለች።

የፊዚክስ አስተማሪው ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የሠሩት በአንዲት የብርሃን ነጥብ ላይ ነው። ሴሚኮንዳክተር ሌዘር የሚባል ጥቃቅን የብርሃን መሣሪያ የሚያወጣውን ብርሃን መስታወት መልሶ ሲልክበት፣ ሌላ ጨረር ለአፍታ ሲለኩሳት፣ ከሌዘሩ ሰፊ ገጽ መካከል ከፀጉር የቀጠነች ነጥብ ብቻዋን ትበራለች። «አትሰፋም፣ አትጠፋም!» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። ሚኒባስ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ገና መኪናው ሳይነሳ እንቅልፍ ይወስደዋል። አንድ ሰርግ ላይ ሊመርቁ ተነስተው ነጥቧን አስረድተው ተቀመጡ፤ ሽማግሌዎቹም ግራ ቢገባቸው «አሜን» አሉ።

ከልቡ የሚያዳምጣቸው አንድ ሰው ነበር፤ የብቸናው ሬዲዮ ጠጋኝ ሰማው። ሚስቱ የትናየት በዚያው ክፍል ልብስ ስትሰፋ ትበግን ነበር። «እኒህ ሰውዬ ቤት የላቸውም እንዴ?» ትለዋለች። ሰማው ግን ከተፈታታው ሬዲዮ ላይ ቀና ሳይል፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላቸዋል።

ሰማው በድንገት ሞተ።

መምህር ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ፤ አሁን ሊጀምሩ ነው ብሎ። አልጀመሩም። ጥግ ይዘው አቀረቀሩ። ሰልስቱ አለፈ፣ አርባውም ወጣ፤ ስለ ነጥቧ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ቅዳሜ ሲሆን ግን እንደ ልማዳቸው መጡና ከባዶው ወንበር ፊት ለፊት ዝም ብለው ተቀመጡ።

የትናየት ያን ዝምታ ፈራችው። ባሏን የወሰደ ሞት የቤቱንም ድምፅ ጠራርጎ ሊሄድ መሰላት። የሲንጀር ስፌት መኪናዋን አቆመች።

«መምህር፣ ያች ነጥብዎ እንዴት ሆነች?»

«ተይኝ እስኪ የትናየት። ለማን ብዬ ነው የማወራው?»

«ለእኔ ያውሩኛ። መጀመሪያ የለኮሳት ጨረር ሲነሳባት ምን ትሆናለች?»

ቀና ብለው አዩዋት።

«አትጠፋም» አሉ ጣታቸውን ቀስ ብለው ቀስረው። «መስታወቱ ብርሃኗን እየመለሰላት... ባለችበት ትቆያለች።»

ለዓመታት እየተናደደች የሰማችው፣ በቃሏ የያዘችው ነገር ነው። እንዲህ ይናፍቀኛል ብላ ግን አስባ አታውቅም። እንባዋን በምትሰፋው ጨርቅ ጠርጋ ሲንጀሯን ማዞር ጀመረች።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለቻቸው።