ሊቀ ጆሮ እና ከባዱ ሸክላ

ሙዚቃ የሚወድ ሰው ችግር የለበትም፤ እያንጎራጎረ በጎንህ ያልፋል። መከራው ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው ነው። እሱ ዘፈን አይጋብዝህም፤ ወንበር ላይ ያስቀምጥህና ይፈትንሃል። በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። በእኛ ቤት ዕጣው የወጣው ለታላቅ እህቴ ነው፤ አገባችው።

ሥራው ሰዓት መጠገን ነው፤ ማዕረጉ ግን ሊቀ ጆሮ። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ለሹፈት ብዬ። እሱ ግን እንደሚገባው ነገር ዝም ብሎ ተቀበለኝ። የሚሰማው ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚባለውን ነው፤ አንዱ ዘፈን ሃያ ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ ውስጥ ዘጠኙ ዋሽንት፣ አራቱ የነፋስ ድምፅ። «ዘፋኙ መቼ ነው የሚጀምረው?» ብለህ ከጠየቅህ አለቀልህ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከላይ እስከ ታች ያይህና «ገና አልገባህም» ይልሃል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምንም ገብቶኝ አያውቅም።

አባባ ሆስፒታል ተኝተው ሊጠይቃቸው መጣ። የልብ መቆጣጠሪያውን ማሽን ጥቂት አዳመጠና «አባባ፣ ምትዎ ግሩም ነው፤ ልክ እንደ ሮክ ከበሮ፣ ሰባት በአራት!» አላቸው። አባባ ቀኑን ሙሉ ያገኙትን ነርስ ሁሉ «ልጄ፣ ሰባት በአራት ይገድላል እንዴ?» እያሉ ሲያስጨንቁ ዋሉ። ሱቁም ያው ነው። ሰዓትህ ተሠርቶ ቢያልቅም ዘፈኑ ካላለቀ አትለቀቅም። ሬዲዮ ደግሞ በፊቱ እንዳታነሳ፤ ሬዲዮ ጆሮ ያበላሻል።

ካቻምና ጣቶቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ከሰሊጥ ፍሬ ያነሰ ብሎን እየፈታ ለሚያድር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሱቁን ዘጋ። ሰባት ወር በቢጃማ መስኮት ሥር ተቀመጠ፤ ሸክላዎቹንም መስማት ተወ። አዘንኩለት፤ አልዋሽም፣ ጆሮዬም ዐረፈ።

ከዚያ አዲሱ ሸክላ መጣ። የሚያመልካቸው የሮክ ቡድን ሰዎች ሰባ ዓመት አልፏቸው አዲስ አልበም አወጡ። ሊቀ ጆሮ አንዴ ሰማውና ሁላችንንም ቅዳሜ ከሰዓት ጠራን፤ ጎረቤቱን ፋርማሲስት፣ ጡረታ የወጣውን የሒሳብ መምህርና እኔን።

«ስሙ! ድሮ እንዲህ አይከብዱም ነበር። ጊታሩን ስሙት፣ አይቸኩልም! ሰው ሲያረጅ ደከመ የሚል ማነው? ይከብዳል እንጂ!»

ከበሮው ፎቅ ላይ ቁም ሣጥን የሚጎትቱ ይመስላል። ዘፋኙ የውሃ ታንከር ውስጥ ወድቆ ሰው ይጣራል። ፋርማሲስቱ እንቅልፉን ለጥጦ ሲተኛ ሊቀ ጆሮ «አያችሁ፣ ተመስጧል» አለን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያው። ዐሥራ አንድ ቅዳሜ ተፈጀን።

በዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት ጥርስ ሐኪም ዘንድ ተራዬን ስጠብቅ፣ ሬዲዮው የቡድኑንና የአልበሙን ስም ጠርቶ ዘፈኑን ለቀቀው። ዜማውን በግድ ተምሬዋለሁ፣ አልስተውም። ግን ይሮጣል! ዘፋኙ ቀጭን ድምፅ አለው፣ ከበሮውም አውቶቡስ እንዳያመልጠው ይጣደፋል። ጥርሴን አስነቅዬ፣ ጉንጬ እንዳበጠ በቀጥታ እህቴ ቤት ሄድኩ። እሱ አልነበረም። ሸክላው መሃል የተለጠፈውን ወረቀት አነበብኩ። በደቂቃ አርባ አምስት ጊዜ ይዙር ይላል፣ በደቃቅ ጽሕፈት። የማጫወቻው የፍጥነት መቀየሪያ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ከተቀመጠበት ከሠላሳ ሦስት ንቅንቅ አላለም።

ሰዓት ሠሪው! የሰው ሁሉ ሰዓት ሲዘገይ የሚያስተካክለው ጌታ፣ እነዚያን ምስኪን ሽማግሌዎች እየጎተተ «ከበዱ» ይለናል! ባበጠ ጉንጬ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ሠላሳ ዓመት የጠበቅኋት ቅዳሜ መጣችልኝ፤ ሰው ፊት ነው የማዋርደው።

ቅዳሜ ዕለት ሁሉም ተቀምጦ ሸክላው ሊጀመር ሲል፣ እህቴ ወደ ማዕድ ቤት ጠራችኝ።

«ቁጥሩን አይተኸዋል አይደል?»

«የምን ቁጥር?»

«ተው እንጂ። ማጫወቻው ላይ ተደፍተህ አይቼሃለሁ።»

«አንቺም ታውቂያለሽ እንዴ እቴቴ?»

«ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ።»

«እና ዝም አልሽ?»

ሳህኑን ማድረቅ አቆመች። «ያን ዕለት ሰምቶ ሲጨርስ እጁን ገልብጦ አየና ‹ቀስ ተብሎም ይሠራል ለካ› አለኝ። በማግስቱ ልብሱን ለብሶ ሱቁን ከፈተ። ድሮ በቀን ስድስት የእጅ ሰዓት ይጠግን ነበር፤ አሁን አንድ ነው። ግን ይሠራል። ትንፍሽ ብትል ዐይንህን አላይም።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ምላሴ ላይ ያለው ነገር ያቃጥለኛል። ዘፈኑ ሲያልቅ ሊቀ ጆሮ መርፌውን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። የቀኝ እጁን አንጓ በግራ እጁ ያዘ፤ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ አድርጎ አነሳት። ሸክላውን አልጫረችውም። ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተስ? ዛሬስ ገባህ?»

«ገባኝ ጋሼ። ይከብዳል።»

መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «ገና ነህ» አለኝ፣ «ግን ተስፋ አለህ።» የሒሳብ መምህሩ ሳቀብኝ፤ ይሁን።

ባለፈው ማክሰኞ ሱቁ ተቀምጬ ነበር። ሙዚቃ ልሰማ አልሄድኩም፣ ሰዓቴ ቆሞ ነው። እሱ አንዲት ብሎን በወረንጦ ይዞ ወደ ቦታዋ እያደረሰ ነው፤ ሩብ ሰዓት ሆኖታል። ከጎረቤት ፀጉር ቤት ሬዲዮ ያን ዘፈን ለቀቀው፣ በሩጫው። ከመቀመጫዬ ተስፈንጥሬ በሩን ዘጋሁ።

«ምን ሆንክ?»

«ብርድ ገባ ጋሼ።»

«ክፈተው እስቲ።» አንገቱን አዘንብሎ አደመጠ። ወረንጦው በአየር ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጣል።

«ኮራጆች!» አለ በመጨረሻ። «የኛን ሰዎች ዜማ ሰርቀው ነው። ደግሞ ጥድፊያው! የት ለመድረስ ነው?» ብሎኗን ቦታዋ ላይ አስቀመጣት። «ገና አልገባቸውም።»

«አልገባቸውም ጋሼ» አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ነበር።