የጥረዛ ክፍሉ ሊቀ መርህ

በየሥራ ቦታው አንድ መካሪ አለ፤ ከሌለ ቦታው ሥራ ቦታ አይደለም። ሰው ሁሉ ኑሮውን በዘልማድ ሲገፋ እሱ በመርህ ይኖራል፤ ሌላውም በመርህ ካልኖረ እንቅልፍ አይወስደውም። የማተሚያ ቤቱ ጥረዛ ክፍል መካሪማ የክብር ስም ሁሉ ወጥቶለታል፦ ሊቀ መርህ።

ሊቀ መርህ ዕውቀቱን ያካበተው ከብላሽ ወረቀት ነው። ማተሚያ ቤቱ ስለ ስኬት፣ ስለ አመራር፣ ስለ መንፈስ ዕድገት የተጻፉ መጻሕፍትን ያትማል፤ ቀለም የፈሰሰበት ገጽ ሲጣል እሱ አጣጥፎ ኪሱ ይከታል። ስለዚህ መርህ ቁጥር ሦስትን ከነማብራሪያው ያውቃል። አራትን ግን አያውቅም፤ አራት ያለበት ገጽ አልተበላሸማ! የክፍሉ ማሽኒስት ከኋላው "ጥራዝ ነጠቅ" ይለዋል። ይሰማል፤ "ትችት የመሪ ቁርስ ነው" ብሎ ያልፋል።

የወረቀት መቁረጫው የተሰበረ ቀን፣ "ችግር ማለት ዕድል ነው" አለ። "እንግዲያው ና፣ ዕድሉን በዚህ በኩል አንሣልኝ" አለው ማሽኒስቱ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ "የመጀመሪያዋ ሰዓት የነፍስ ናት" ብሎ ለነፍሱ ሲቀመጥ ሥጋው ሥራ ያረፍዳል። ከሁሉ የተማረረችው አጠገቡ ተቀምጣ የምትሰፋው ሴት ናት። ከእህቷ ጋር ተኳርፋ የመጣች ዕለት፣ "ይቅርታ፣ መርህ ቁጥር ሰባት" ቢላት፣ "ወንድሜ፣ በሞትኩት፣ ሰባቱንም ለራስህ ያዘው!" አለችው።

ይህ ሰው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ሲመኝ ኖሯል፦ የክፍል ኃላፊነት። በመጨረሻ ቀኑ ደረሰ። ሹመቱ አርብ ሊነገር ነው፤ ሥራ አስኪያጇም ያሰበችው እሱን ነበር።

ረቡዕ ዕለት ከተሰፉት መጻሕፍት አንዱን አንሥቶ ማንበብ ጀመረ። እዚያ ቤት የሚጠረዘውን የሚያነብ እሱ ብቻ ነው፤ ሌላው ይሰፋል፣ ያጣብቃል፣ ይቆርጣል። ድንገት ፊቱ ተለወጠ። ሦስተኛው የገጾች እጥፍ ከሁለተኛው ቀድሞ ተሰፍቷል። ሌላ አነሣ፤ እሱም እንደዚያው። የተሰፋው ሁሉ፣ ሁለት መቶ መጽሐፍ! ወይ ጉድ! የሰፋችው ያቺው አጠገቡ የምትቀመጠው ናት፤ ከዚህ በፊት ሁለት ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል፣ ሦስተኛው ስንብት ነው።

ሲያሳያት ክው አለች። አሁን ምክሩን ሊያዘንብብኝ ነው ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ወንበሩን አስጠጋና ምላጭ አውጥቶ ክሩን መፍታት ጀመረ።

አርባኛው መጽሐፍ ላይ ሳሉ ሥራ አስኪያጇ ገባች።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ተዛብቶ ተሰፍቶ ነው። እናስተካክለዋለን፤ ነገ ይደርሳል" አለ።

"ማነው ያዛባው?"

ሰፊዋ ከክሩ ላይ ቀና አለች። ሰውየው መዋሸት አይሆንለትም፤ ይህን ታውቃለች።

"የክፍሉ አንጋፋ እኔ ነኝ" አለ። "ሳላይ ያሳለፍኩትም እኔ ነኝ። ማስጠንቀቂያው በእኔ ስም ይጻፍ።"

"አርብ ምን እንዳለ እያወቁ?"

"አዎ፣ እያወቅኩ።"

አርብ ሹመቱ ለማሽኒስቱ ተሰጠ። ሊቀ መርህ ከሁሉ ቀድሞ አጨበጨበ። ከዚያ መታጠቢያ ክፍል ገብቶ ቆየ፤ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። ሰፊዋ አየችውና አንጀቷን በላት።

ሰኞ እንደ ልማዱ አርፍዶ ገባ። በቀጥታ አዲሱ ኃላፊ ፊት ቆመና፣ "አለቃ፣ መርህ ቁጥር ዘጠኝ ስለ መሪ ትሕትና ሲናገር..." ብሎ ሲጀምር ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ሰፊዋ መርፌዋን አስቀምጣ ብድግ አለች።

"ምን ያስገለፍጣችኋል? ዝም ብላችሁ ስሙ!"

ከዚያ ወደ ሊቀ መርህ ዞረች።

"ይቀጥሉ፣ ጋሼ" አለችው።