አራተኛው አርብ

አንድ አገር አደገ የሚባለው በሩ ሲበዛ ይመስለኛል። እስኪ ልብ በሉ፤ የጥንቱ ገበያችን በር አልነበረውም። ሜዳው ላይ ጆንያውን የዘረጋ ሸጠ፣ ያልመጣ ቀረ። የቀረው ሰው ሲጠየቅም «ምን ሆኖ ይሆን?» ተብሎ ነው እንጂ «ክፍት ነው ወይስ ዝግ?» ተብሎ አይደለም። ሰው እንዴት ዝግ ይሆናል? በር ሲመጣ ይሄ ጥያቄ አብሮ መጣ፤ ጠያቂው ደግሞ፣ የጉድ አገር፣ እኔ ሆኜ ቁጭ አልሁ።

አርብ ገበያ በምትባለው ከተማችን ዳር የገበያ ማዕከል አለን። ስትሰሙት ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ አንድ ረድፍ የቆርቆሮ ሱቅ ነበር፤ ዝናብ ሲወርድበት ገዥና ሻጭ በእጅ ነበር የሚነጋገሩት። ቀጥሎ ብሎኬት ሆነ። ብሎኬቱ ፎቅ ወለደ፣ ፎቁ አጥር፣ አጥሩ ዘበኛ፣ ዘበኛው ፊሽካ። የመኪና ማቆሚያም ተሠራለትና አርብ አርብ አህያ ይቆምበታል። ዘበኛው በፊሽካ አህያ በመስመር ለማቆም ሲታገል ያላየ ምን አየ! አሁን ከኋላው ሦስተኛው ሕንፃ እየወጣ ነው። ልዋሻችሁ አልችልም፣ እኔም እኮራበታለሁ። በጭቃ ላይ ይሰጣ የነበረ እህል መደርደሪያ ላይ ወጥቶ ማየት ደስ ይላል።

እኔ የማዕከሉ ተቆጣጣሪ ነኝ። አርብ አርብ መዝገቤን ይዤ በየሱቁ በር አልፋለሁና «ክፍት» ወይም «ዝግ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ሌላ ነገር መጻፊያ ቦታ የለውም። አራት አርብ በተከታታይ ዝግ ሆኖ የተገኘ ሱቅ ይታሸግና ለተረኛ ይሰጣል። ደንቡን ክፉ ሰው አላወጣውም፤ እኔ ራሴ እጄን አውጥቼ ደግፌዋለሁ። ሱቁን ቆልፈው፣ ዋጋው እስኪወጣ ሌላ ከተማ ተቀምጠው የሚጠብቁ ሰዎች አስቸግረውን ነበርና ለእነሱ ብለን ያወጣነው ነው። የያዘው ግን እትዬ ይታይሽን ነው።

እትዬ ይታይሽ ከሜዳው ዘመን ጀምሮ ምስርና ባቄላ ሲሸጡ የኖሩ፣ ሱቅ በዕጣ ሲታደል አንዱ የደረሳቸው ሴት ናቸው። በክረምቱ መውጫ ባለቤታቸው አያ መኳንንት ሞቱ። ልጅ የላቸውም። ማሳውን ከእንግዲህ በሬ ጠምዶ የሚያርስላቸው የለም። የቀረቻቸው ያቺ ሱቅ ብቻ ናት። በእኛ ዘንድ ደግሞ ባሏ የሞተባት ሴት አርባው ሳይወጣ ገበያ አትወጣም። በአርባ ቀን ውስጥ ስንት አርብ እንዳለ እናንተው አስሉት። ደንቡን ስናወጣ ስንት ሽማግሌ፣ ስንት ቄስ፣ ስንት ሐዘን ያየ ሰው ተሰብስቦ ነበር መሰላችሁ! ሞትን ግን አንድም ሰው አላነሣውም።

ሦስተኛውን «ዝግ» ጽፌ የእትዬ ይታይሽን ሐዘን ለሥራ አስኪያጁ ነገርሁት። ወጣት ነው፤ ክፉ ልጅም አይደለም።

«ጋሼ፣ እኔም አዝናለሁ» አለኝ። «ግን ለአንዱ ከላላን ነገ ሁሉም ለቅሶ ላይ ነበርሁ ይለናል።»

እኔ ፈሪ ነኝ፤ ፊት ለፊት መሟገቱን ትቼ በጎን ዞርሁ። ዘይነባ የምትባል በርበሬና ቅመም የምትሸጥ ሴት አለች፤ የእትዬ ይታይሽ ጎረቤት ናት፣ የሱቃቸውም ቁልፍ በአደራ እሷ ዘንድ ነው። «የሚቀጥለው አርብ ዝግ ሆኖ ካገኘሁት አለቀ» ብዬ ሹክ አልኋት። ዘይነባ ልበ ደግ ናት። በማግስቱ ሱቁን ወለል አድርጋ ከፍታ ምስሩን መሸጥ ያዘች።

ወሬ እንደሆነ መንገድ አያግደውም። «የመኳንንት ሚስት የባሏ አፈር ሳይደርቅ ሱቅ ከፈተች!» ተባለ። የሟች ወንድሞች ዘንድ ደረሰ። እነሱም መጥተው እትዬ ይታይሽን ለቅሷቸው ላይ እንደተቀመጡ ዘለፏቸው አሉ።

አራተኛው አርብ ጠዋት የማሸጊያውን ወረቀት በኪሴ ይዤ ፎቁን ወጣሁ። እትዬ ይታይሽ ከል ለብሰው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ሱቃቸው በር ላይ ቆመዋል። ዘይነባ ታለቅሳለች።

«እትዬ፣ ወላሂ፣ እንዳይነጥቁዎት ብዬ ነው!»

«አውቃለሁ ልጄ፤ አልተቀየምሁሽም። አሁን ግን ዝጊልኝ።»

ዘጋችው። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «እትዬ፣ ዝግ ከሆነ እኮ ላሽገው ነው» አልሁ።

«አሽገው» አሉኝ። «ሱቅ ቢሄድ ሌላ ይመጣል፤ መኳንንት ግን ሁለት ጊዜ አይሞትልኝም። አንድ ጊዜ እንኳ በደንብ ላልቅስለት።»

ይህን ብለው ጀርባቸውን ለተዘጋው በር ሰጥተው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ዘይነባ ወደ ሱቋ ገባች፤ በርበሬ ልትሸጥ መስሎኝ ነበር። የራሷን በር ጎትታ ዘጋችና መጥታ ከጎናቸው ተቀመጠች። ከፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ መኪናውን አቁሞ መጣ። ምስር ሊገዛ የመጣ ገበሬ ደግሞ ከል ለብሶ የተቀመጠ ሰው አይቶ እንዴት ይለፍ? ዱላውን ከግድግዳው አስደግፎ «ነፍስ ይማር» አለና ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ የበር መዘጋት ድምፅ ብቻ ሆነ፤ አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይቀጥላል። ጸሐይ አናት ላይ ስትደርስ ፎቁ ላይ አንድም ክፍት ሱቅ አልነበረም።

ስልኬ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ነው።

«ጋሼ፣ ያ ሱቅ ታሸገ?»

ሕዝቡን አየሁት። «ለቅሶ ላይ ነኝ» አልሁት።

«ውይ! ማን ሞተብዎት?»

«አያ መኳንንት።»

«እሳቸውማ ወር ሊሆናቸው አይደል እንዴ?»

«አዎ» አልሁት። «ሦስት አርብ ሙሉ በሚስታቸው በር ሳልፍ ነበር። ለቅሶ የደረስሁት ግን ዛሬ ነው።»

ስልኩን ዘጋው። ጥቂት ቆይቶ ልጁ ራሱ ደረጃውን ወጥቶ መጣ፤ እትዬ ይታይሽን ጎንበስ ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አላቸውና ከእኔ አጠገብ ተቀመጠ። የማሸጊያው ወረቀት ከኪሴ አልወጣም።

እትዬ ይታይሽ አርባቸውን አውጥተው ሱቃቸውን ከፈቱ። የሦስተኛው ሕንፃ የኪራይ ውል ደግሞ ሰሞኑን ታትሞ መጣልን። ያ የአራት አርብ አንቀጽ አንዲት ቃል ሳትለወጥ እንዳለ አለበት። ሞትን ዘንድሮም ያነሣው የለም፤ ሁላችንም አንብበን ፈረምንበት።