ሊቀ ጠበብቱና ትዝታ ያነሰው ማሽን

በየከተማው እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። የተበላሸ ነገር አያስጨንቀውም፤ የተበላሸ ነገር ይዋል ይደር ይላል። እንቅልፍ የሚነሣው የሚሠራ ነገር ነው። ደህና የሚዘፍን ሬዲዮ፣ ደህና የሚቆጥር ሰዓት፣ ደህና የሚተኩስ ካውያ ሲያይ ጣቶቹን ይበላዋል። ጠጋ ይልና አንገቱን ዘመም አድርጎ፣ ሐኪም በሽተኛ እንደሚያይ አይቶ፣ «ደህና ነው፤ ግን ትንሽ ልጨምርለት» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያ ነገር እንደ ድሮው ሆኖ አያውቅም።

የደብረ ብርሃኑ ወልደተንሣኤ ይባላል። እኔ ሊቀ ጠበብት ወልደተንሣኤ እለው ነበር፤ ስብሰባ በበዛበት ሰሞን ደግሞ በዘመኑ ደንብ ጓድ ሊቀ ጠበብት። ማዕረጉን የሰጠሁት ለቀልድ ነው፤ ከልቤ የጠራሁት ቆይቶ ነው።

ሱቁ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። በሩ አይገጥምም። በሰው ንብረት ሁሉ ላይ የሚጨምረው ሰው ለገዛ በሩ አንዲት ሚስማር አልጨመረለትም፤ ነፋሱ እንደ ደንበኛ ይገባል፣ ይወጣል። እኔ የተከራየኋት ክፍል ከሱቁ ጋር በአንድ ግድግዳ ትዋሰናለች። ሰው የማልወድ፣ መጽሐፍ የማልጠግብ ሰው ስለሆንኩ «ቀለሜ» ይለኛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ ጎረቤት እሱ ብቻ ያለው ይመስል፣ እንግሊዝኛ የተጻፈበት ነገር ባየ ቁጥር ግድግዳውን በካቻቢቴው እጀታ ይመታል። ያን ጊዜ መጽሐፌን አጥፌ እሄዳለሁ።

የሠራቸውን ሥራዎች ሁሉ ብዘረዝር ከተማው ይታዘበኛል። ለናሙና ያህል የወይዘሮ ወለተሐናን የደወል ሰዓት ልጥቀስ። ሰዓቱ ምንም አልሆነም ነበር፤ መስታወቱ ተሰንጥቆ ብቻ ነው የመጣው። ሊቀ ጠበብት መስታወቱን ረስቶት ሁለተኛ ደወል ጨመረለት። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱ የሚደውለው ሲያሰኘው ነው። ወይዘሮ ወለተሐና ካህናቱ ሳይነሡ ደጀ ሰላም ደርሰው በብርድ ሲንዘፈዘፉ ይገኛሉ። «ምን ላርግ፣ ይጠራኛል» ይላሉ።

የሠፈራችን ልብስ ሰፊ መኪና በእግር መረገጡ አሳዝኖት ሊቀ ጠበብት የማራገቢያ ሞተር ገጠመለት። መኪናው በመጀመሪያው ቀን የአንድ አስተማሪ ሱሪን እግር ከልብስ ሰፊው የኮት እጅጌ ጋር አንድ አድርጎ ሰፋ። ሁለቱን ለመለየት ምላጭ አስፈለገ።

የቀበሌያችን ድምፅ ማጉያስ? ሊቀ መንበሩ ጓድ ገብረ ሕይወት ድምፁ ትንሽ ጎላ እንዲል ፈልገው ነበር፤ ትንሽ። በማግስቱ ስለ ምርት ዘመቻ ረጅም ንግግር አድርገው ሲጨርሱ ወደ ጸሐፊያቸው ዘንበል ብለው በሹክሹክታ፣ «ይኼ ብርድ ሊገለኝ ነው፤ እነዚህን ሰዎች ቶሎ በትንልኝ» አሉ። ሹክሹክታው ጣርማ በር ድረስ ተሰማ። ተበተንን። ጓድ ሊቀ መንበር ሳምንት ሙሉ ከቢሮ አልወጡም፤ ሊቀ ጠበብት ግን «ጥራቱን ሰማህ?» እያለ በኩራት ሲዞር ከረመ።

ስለ ማሽኑ ለመናገር አስቀድሜ ስለ እትዬ ረሒማ ልናገር። እትዬ ረሒማ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። የአሊዩ አምባ ተወላጅ ናቸው፤ ቤታቸው ግን እኛው ሠፈር ነው፤ የገበያ ቀን ሲደርስ ጨርቃቸውን አስጭነው ወደ ቆላ ይወርዳሉ። ወንድማቸው አብዱልሀሚድ ጅዳ ነው የሚኖረው። ለእህቱ ልጅ ለሸሪፍ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም የጨዋታ ማሽን ላከለት። አንዲት መርከብ አለች፤ ከላይ ድንጋይ ይዘንባል፤ መርከቧ ድንጋዩን እየተኮሰች ትበትናለች። ሌላ ነገር የለውም። የከተማው ወጣት ሁሉ ግን እትዬ ረሒማ ሳሎን ውስጥ ጫማውን አውልቆ ተራ ጠበቀ።

ሸሪፍ ለብሔራዊ ውትድርና ሊሄድ በዋዜማው ጓደኞቹን ሰብስቦ ተጫወተ። አርባ አንድ ሺህ ነጥብ አገኘ። ማሽኑ ከሁሉ ለበለጠ ሰው ስሙን በሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ያጽፈዋል፤ ሸሪፍም ጻፈ። በማግስቱ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቃል አልመጣም።

እትዬ ረሒማ እንግሊዝኛ አያነቡም። እነዚያን ሦስት ፊደላት ግን እንደ ሰው ፊት ለይተው ያውቋቸዋል። ማሽኑ ከጠፋ ሁሉንም እንደሚረሳ ሸሪፍ ነግሯቸው ስለነበር አላጠፉትም። በየጠዋቱ ከሶላት በኋላ ቴሌቪዥኑን ይከፍታሉ፣ ያያሉ፣ ቴሌቪዥኑን ብቻ ይዘጋሉ። ማሽኑ ሻሽ ለብሶ ቀንና ሌሊት ይሠራል፤ ሙቀቱን የወደደች ድመት ላዩ ላይ ትተኛለች። በዚያ ሰሞን መብራት እንዴት አንዴም እንዳልጠፋ አላህ ይወቀው።

አንድ ቀን ያ የቀበሌ ድምፅ ማጉያ ጮኸ። ምሰሶ ስለሚቀየር የፊታችን እሑድ መብራት አይኖርም አለ። ድፍን ሰሜን ሸዋ ሰማ። እትዬ ረሒማም ሰሙ። ነጠላቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ ሱቁ በር ላይ ደረሱ።

«ወልደተንሣኤ፣ እሑድ የልጄ ነገር ሊጠፋብኝ ነው» አሉ። «ማሽኑ እንዳይረሳ ታደርገዋለህ?»

ሊቀ ጠበብት ግድግዳውን መታ። ሄድኩ። እትዬ ረሒማ ይዘዋት የመጡትን የማሽኑን መመሪያ ሰጠኝ። ማሽኑ ምን ያህል «ሜሞሪ» እንዳለው የሚናገር አንድ መስመር አገኘሁ።

«ሜሞሪ ምንድነው?» አለኝ።

መዝገበ ቃላቴን ገለጥኩ። «ትዝታ፤ ማስታወስ፤ ሁለቱንም ይላል።»

ከሁለቱ የመጀመሪያውን ወሰደ። እዚህ አገር ያደገ ሰው ትዝታ እያለለት ማስታወስን አይመርጥም። «ስንት ነው ያለው?»

«ጥቂት ነው።»

«በቃ፤ ማሽኑ ትዝታ አንሶታል» አለ። ፊቱ ላይ ያ የማውቀው ብርሃን መጣ። «ትንሽ ልጨምርለት።»

«ትዝታ ከሆነ የጎደለው ከኔ ይቀዳለት» አሉ እትዬ ረሒማ። «እኔ ዘንድ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው።»

ወሬው ሲሰማ ወይዘሮ ወለተሐና እየሮጡ መጡ። «ረሒማ፣ በሞቴ ለዚህ ሰው እንዳትሰጪው። የኔን ሰዓት አላየሽም?»

«ያንቺ ሰዓት ደህና ነበር፤ እሱ ገደለው። የኔ ማሽን ግን እሑድ ሟች ነው። ለሟች የተገኘው ሁሉ ሐኪም ነው።»

ሊቀ ጠበብት ይህን እንደ ምስጋና ቆጠረው።

ከተጣለ የቢሮ ማሽን ሆድ ያወጣት አንዲት ጥቁር ነገር ነበረችው፤ የጥፍር ያህል፣ እግሯ እንደ አባ ጨጓሬ የበዛ። ትዝታ የሚቀመጠው እንዲህ ባለችው ውስጥ ነው አለኝ። አሠራሩን ሲያስረዳኝ፣ «የማሽኑን ትዝታ አላወጣውም፤ አዲሷን በላዩ ላይ አዝላታለሁ። እግር በእግር ገጥሜ እበይዳለሁ። እናት ልጇን ስታዝል ማን ይወድቃል?» አለ። ማሽኑ ደግሞ መጥፋት ስለሌለበት እየሠራ ሊበይደው ነው።

«ጋሼ፣ እየሠራ?»

«ሐኪም ልብ ሲያክም ልቡን አጥፍቶ ነው እንዴ?»

በእትዬ ረሒማ ሳሎን ውስጥ ድመቷ ከቦታዋ ተነሣች፤ ክዳኑ ተፈታ። እኔ ባትሪ አበራለሁ። እትዬ ረሒማ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብለው ዓይናቸውን ከሦስቱ ፊደላት አልነቀሉም፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሊቀ ጠበብት ሲሠራ ማፏጨት ልማዱ ነበር፤ ያን ቀን ግን አላፏጨም። የመበየጃው ጫፍ ከአንዷ እግር ወደ ሌላዋ ሲሄድ እርሳሱ ይቀልጣል፣ ጭሱ ቀጭን ሆኖ ይወጣል። መሐል ላይ ቴሌቪዥኑ ተንቀጠቀጠ። ቁጥሩ ተሰባበረ፣ ፊደላቱ ተንጋደዱ። እትዬ ረሒማ «ያ አላህ» አሉ፣ በቀስታ። ሊቀ ጠበብት እጁን አላነሣም። ቁጥሩ ተመልሶ ቆመ። አርባ አንድ ሺህ።

«አሁን እንደ ዳዊት ደጋሚ ነው» አለ ላቡን እየጠረገ። «አይረሳም።»

እትዬ ረሒማ እጁን ባረኩለት፤ የቤታቸውን ቁልፍ ሰጥተውት ልባቸው ወርዶ ወደ አሊዩ አምባ ገበያ ሄዱ።

እሑድ መብራቱ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ሲመጣ ሁለታችን ቤቱን ከፍተን ገባን። ቴሌቪዥኑን አበራው። ቁጥሩ ዜሮ ነበር። ሦስቱ ፊደላት በነበሩበት ሦስት ሰረዝ ቆሟል።

ሊቀ ጠበብት ክዳኑን ፈታ፣ ያዘላትን ነካ ነካ አደረጋት። ጥብቅ ብላለች። ሥራው ንጹሕ ነው።

«ትዝታው እኮ ተጨምሯል» አለ።

«ጋሼ፣ ጎተራውን አሰፋኸው እንጂ፣ ሲነድ ትልቁም ትንሹም ጎተራ ያው ነው።»

ያችን የለመድኳትን «ትንሽ ልጨምርለት» ጠበቅኩ፤ አልመጣችም። ሰውየው ከእትዬ ረሒማ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሦስቱን ሰረዞች ያያል። በስንት ሰው ንብረት ላይ የደረሰውን አይቻለሁ፤ ሲያዝን ግን አይቼው አላውቅም ነበር።

«መቼ ነው የሚመለሱት?» አለኝ በመጨረሻ።

«ገበያው ሲያልቅ። ማክሰኞ ይደርሳሉ።»

ወጥቶ ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ባትሪ ተዋሰ፤ ዳግመኛ መብራት ቢጠፋ ማሽኑን እንዲይዝ አድርጎ ሽቦውን በየደ። ይህን ከመጀመሪያው ቢያደርግ ኖሮ እኔም የምጽፈው አይኖረኝም ነበር። ግን ባትሪ ማገናኘት መጨመር አይደለም፤ ማንም ያደርገዋል። ከዚያ መጫወቻውን በእጁ ያዘ።

በሕይወቱ ተጫውቶ አያውቅም። የመጀመሪያው ድንጋይ ገደለው። ሁለተኛው ላይ «ቆይ እንጂ» አለው፤ ድንጋዩ አልቆየም። ሰኞ ሱቁ ተዘግቶ ዋለ። ሠፈሩ ስለ ጤናው እያሰበ፣ ሰዓቶችና ሬዲዮኖች ደግሞ እፎይ እያሉ ዋሉ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ አነባለሁ፤ እሱ ከድንጋዮቹ ጋር ይሟገታል፣ ይሰድባቸዋል፣ ይለምናቸዋል። አውራ ጣቱ ውኃ ቋጠረ።

ዐሥር ሺህ ላይ ስንት ጊዜ እንደሞተ ሳይ አሳዘነኝና፣ «ጋሼ፣ አንተ እኮ ከፍተህ የመርከቧን ጥይት ልትጨምርላት ትችል ይሆናል» አልኩት።

ዓይኑ ለአፍታ በራ። ካቻቢቴው ኪሱ ውስጥ ነው፤ እጁ ወደዚያ ሄደ። ከዚያ መለሰው።

«አይሆንም። ሸሪፍ በዚችው ጥይት ነው የመታው።»

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ሠላሳ ሺህን አለፈ። ከምንጣፉ ተነሥቶ መቆሙን እንኳ አላወቀም። አርባ። አርባ አንድ። «ጋሼ በቃ፣ ደረስክ፣ ሙትላቸው» አልኩ። አልሰማኝም። አንድ ትልቅ ቀይ ድንጋይ መጣ፤ መታው፤ ቁጥሩ ዘለለ። ከዚያ መርከቧ ተመታች። አርባ አራት ሺህ።

«አቁም አላልኩህም?»

«እጄ እምቢ አለኝ» አለ ልጅ ሆኖ። «ፊደላቱን ንገረኝ።»

ነገርኩት። አንድ በአንድ አስገባቸው።

እትዬ ረሒማ የመንገድ አቧራቸውን ሳያራግፉ ገቡና ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሙ። ፊደላቱን አዩ፤ ፊታቸው ፈታ አለ። ከዚያ ቁጥሩን አዩ። ቁጥርን በተመለከተ የነጋዴ ዓይን አይታለልም።

«አርባ አንድ ነበር» አሉ። «ጨምሯል።»

ሊቀ ጠበብት ድመቷን ያያል።

«ጠፍቶ ነበር?»

«ጠፍቶ ነበር፣ እትዬ ረሒማ።»

«ማን ተጫወተው?»

«እኔ። ልክ እሱ ላይ ላቆም ነበር፤ ማቆም አልሆነልኝም።»

ቁስሉን ለመደበቅ አውራ ጣቱን በመዳፉ ውስጥ ጨብጦ ነበር። እጁን ይዘው ገለጡና አዩት። እኔ ወደ በሩ ተጠጋሁ።

«ሸሪፍ ይህን ቢያይ ይቆጣል» አሉ። «በዚህ ሠፈር የሚበልጠኝ የለም ይል ነበር።» ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሱ። «ይቆጣ። መጥቶ ይቆጣ።»

ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሰደዱ፤ ወዲያው አወረዱት።

«ስማ፣ ወልደተንሣኤ። ከእንግዲህ እንዳትነካው። ከዚህ በላይ እንዳትጨምርበት። ሲመጣ፣ ኢንሻአላህ፣ የሚደርስበት ቁጥር ይሁን።»

«አልጨምርም» አለ።

ይህ ቃል ከዚያ ሰው አፍ ሲወጣ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቃሉንም ጠበቀ። በየጠዋቱ እየሄደ ባትሪውን ያያል፣ ድመቷን ያሻሻል፣ ይመለሳል፤ ካቻቢቴውን እቤቱ ትቶ ነው የሚሄደው። እጁን የሚበላውን ሁሉ ግን የተቀረው ከተማ እየከፈለ ነው፤ የልብስ ሰፊው መኪና አሁን ወደ ኋላም ይሰፋል።

እኔም በዚያው ሳምንት የማነብባትን መብራት ከግድግዳው ነቅዬ ሱቁ ወሰድኩለት። አገላብጦ አያት፣ ሰካት፤ በደንብ በራች።

«ምን ሆነች?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።

ፊቱ ከመብራቷ በላይ በራ።