ፀረ እንግዳ በሆቴል ቤት

የሳይንስ ቃል ተርጓሚ ከላቦራቶሪ ወጥቶ አንድ ቀን ሆቴል ደጃፍ ቢቆም ጥሩ ነበር። ያኔ አንቲቦዲን «ፀረ እንግዳ አካል» ከማለቱ በፊት ሁለቴ ያስብ ነበር። የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

መብራት በፈረቃ በነበረበት ዘመን ነው። ደሴ ላቦራቶሪ የምትሠራ ጓደኛዬ፣ ከውጭ እስኪመጣ ወራት የጠበቀችውን አንቲቦዲ በበረዶ ሣጥን ይዤላት ከአዲስ አበባ ተነሣሁ። ቢበዛ የእንባ ጠብታ ያህል ነው። ታዲያ አውቶቡሳችን ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ተበላሸ። የይፋት ፀሐይ በረዶዬን ውሃ አደረገው፤ አንቲቦዲው ከሞቀ ደግሞ የጓደኛዬ ጥናት አበቃለት። ሣጥኑን ታቅፌ ጄኔሬተር የሚጮህበት ሆቴል ገባሁና ባለቤቷን እትዬ አስካለን «ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡልኝ» ብዬ ለመንኳቸው።

«ምንድን ነው?» አሉ።

«ፀረ እንግዳ አካል» አልኩ፣ በአማርኛዬ እየኮራሁ።

«ፀረ እንግዳ? በእኔ ቤት? እኔ በምን የምኖር መሰለህ!»

ላቤ ጠብ እያለ አስረዳሁ። በሕዋሳችን ውስጥ መልእክት የሚያቀብል፣ ጓደኛዬ የምታጠናው ኢንዛይም አለ፤ ይህች ጠብታ በሺህ ከሚቆጠር ፕሮቲን መሐል እሱን ለይታ ትይዛለች።

እትዬ አስካለ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ ብለው፣ «እኔ አጣዬ ገበያ ወንድሜን ፈልጌ ማግኘት ያቅተኛል። ዐይን የላት፣ እንዴት አትሳሳትም?» አሉ።

«እኔም ይገርመኛል» አልኳቸው፤ እውነቴን ነው።

አማተቡና ለስላሳውን በሙሉ ከፍሪጁ አውጥተው ጠብታዋን ብቻዋን አስገቡ። ተሳፋሪው በዚያ ሐሩር የሞቀ ለስላሳ ጠጣ። ያጉረመረመ የለም፤ እንዲያውም እየተጠራራ በመስታወቱ በር አሻግሮ ያያት ጀመር። ምን ይታያል? ምንም። ግን ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው።

አውቶቡሱ ሲጠገን አዲስ በረዶ ጨምረው፣ ስልክ ቁጥራቸውንም ሰጥተው ሸኙኝ። ደሴ ላይ ሥራው ተሠርቶ ጠብታዋ ኢንዛይሙን መያዟን የምታሳይ ቀጭን ጥቁር መስመር ፊልሙ ላይ ብቅ ስትል፣ እኔና ጓደኛዬ ተቃቀፍን። ወዲያው ስልክ አንሥቼ ለእትዬ አስካለ ደወልኩ።

«አገኘችው!» አልኳቸው።

እልል አሉ። ከዚያ «መልእክቱስ ምን ይላል?» አሉኝ።

«እሱን ገና አላወቅነውም።»

«አዬ ልጄ!» አሉ አዝነውልኝ፤ «መልእክተኛውን በዚያ ሁሉ ድካም ይዛችሁ፣ ምን ተብለህ ተላክህ አትሉትም?»