ዓይናቸውን የጨፈኑልኝ ተሳፋሪ

ባጃጃችሁ ላይ ጥቅስ ለጥፋችሁ ታውቃላችሁ? እስቲ ሞክሩት፤ ከዚያ በኋላ ጠባያችሁን የሚቆጣጠረው አገር ምድሩ ነው። የእኔ ባጃጅ ላይ ከኋላ «ኢየሱስ ጌታ ነው» የሚል የለጠፈችበት ባለቤቴ አስቴር ናት። እሷ ደፋር ናት፤ ቲማቲም ስትገዛም ወንጌል ትናገራለች። እኔ ጴንጤ ልሁን እንጂ ሰው ፊት አፌ ይያያዛል። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌያችን «በዚህ ሳምንት ለማን መሰከራችሁ?» ሲሉ ጫማዬን ነው የማየው።

ጥቅሱ ከተለጠፈ ወዲህ ወልቂጤ ውስጥ መንገድ የሚዘጋብኝን ሰው መሳደብ ቀረ። አንዴ ክላክስ ሳበዛበት አንድ ባለጋሪ ዞር ብሎ፣ የጻፍከውን አንብበኸዋል ወይ አለኝ። እንዴት አድርጌ ላንብበው? ያለው ከኋላ ነው!

አንድ ቀን ታዲያ መናኸሪያው በር ላይ አንዲት እናት ተሳፈሩ። እማማ ዘይነባ ይባላሉ፤ ከቸሃ መምጣታቸው ነው። አጥሚት የሞላ ፔርሙስ አቅፈዋል። ልጃቸው ምጥ ጠንቶባት ኦፕራሲዮን ልትገባ ነው ተብሎ ተደውሎላቸው፣ ሆስፒታል ቶሎ አድርሰኝ አሉ።

ትንሽ እንደሄድን፣ «የኔ ልጅ፣ ጴንጤ ነህ አሉ። ኋላህ ላይ ያለውን ሰው አነበበልኝ» አሉኝ።

ነኝ አልኩ።

«ጸልይላት እንግዲህ። እናንተ ጮክ ብላችሁ ነው አይደል የምትጸልዩት? ጮክ በል።»

ላብ አጠመቀኝ። ሂጃብ የለበሱ እናት እንዲህ ይሉኛል ብዬ በየት በኩል ልገምት? እየነዳሁ ስለሆነ ዓይኔን መጨፈን አልችልም አልኳቸው። ማምለጫ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

«አንተ መንገዱን እይ። መጨፈኑን እኔ እጨፍንልሃለሁ።»

በመስታወቱ አየኋቸው፤ እውነትም ጨፍነዋል። ምን ይደረጋል? ጀመርኩ። እናቲቱን ጠብቅ፣ ሕፃኑን ጠብቅ፣ የሐኪሞቹን እጅ ምራ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ሐሳብ ገባኝ። የኢየሱስን ስም ብጠራ ቅር ይላቸው ይሆን? በዚህ ጭንቀታቸው ላይ? ስሙን ዋጥ አደረግኩና «አሜን» ብዬ ደመደምኩ።

እማማ አሜን አላሉም። ዓይናቸውን ገልጠው አፈጠጡብኝ።

«ጨረስክ? የለጠፍከውንስ ስም? ለእኔ ብለህ ነው የተውከው? ወላሂ አስቀየምከኝ! እኔ ከጠዋት ጀምሬ አላህን ስለምን ማንን አፈርኩ? ልጄ ጭንቅ ላይ ናት፤ እየቆጠብክ አትለምንልኝ!»

እንደገና ጀመርኩ። አሁን ግን ጮህኩ። «በኢየሱስ ስም!» ስል ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። እማማ «አሁን ሆነ» ብለው ሆስፒታሉ በር ላይ ወረዱ።

ከዚያ በር መሄድ አቃተኝ። ተሳፋሪ ሲመጣ ሰው እየጠበቅሁ ነው እላለሁ። ብትሞትስ? ስሙን አፌን ሞልቼ የጠራሁት እኔ ነኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። በመጨረሻ እማማ ፔርሙሳቸውን እንዳቀፉ ብቅ አሉ።

«አልሐምዱሊላህ! ሴት ልጅ! ሁለቱም ደህና ናቸው!»

አለቀስኩ። ሹፌር ሆስፒታል በር ላይ ሲያለቅስ ሰው ምን ያስባል? ያስብ!

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። እማማ ግን ወደ ቸሃ የሚመለሱ ዕለት መናኸሪያው መሃል ቆመው ለሚኒባሱ ሹፌርም፣ ለረዳቱም፣ ለሎተሪ አዟሪውም ተረኩት። ያ ባለ ባጃጅ በኢየሱስ ስም ጮኸ፣ አላህም ሰማው ብለው። እኔ በስንት ዓመት ያልተነፈስኩትን እሳቸው ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ አዳረሱት። አሁን መንገደኛው «ጸሎት ያለበት ባጃጅ የቱ ነው?» እያለ ይፈልገኛል።

በቀጣዩ እሁድ ሽማግሌያችን የተለመደውን ሲጠይቁ ተነሳሁ። ሐቁን መናገር አለብኝ ብዬ፣ እኔ ሳልሆን አንዲት እናት ናቸው የኢየሱስን ስም መናኸሪያ ሙሉ ያወሩት አልኩ። ጉባኤው በእልልታ ቀለጠ። ሽማግሌያችን፣ እኚህን እህት በሚቀጥለው እሁድ ይዘህልን ና፣ እንዴት እንደሚመሰከር ያስተምሩን አሉኝ።

ረመዳን ስለገባ እስኪፈታ እንታገሳቸው አልኩ።